የደም ግፊት ላለባችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች

የቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይበልጥ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ የገባውን፣ የዳቦውንና ሆጃ (ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው መጠጥ) ላይ ጣል የሚደረገውንም ቁጠሩ። ብዙ ቤት ችግሩ ይኸው ነው፤ በርበሬው ጨው እያለው ወጡ ላይ ይደገማል። በርበሬ ስታስፈጩ ጨው አታስገቡ፤ ወጡ ላይ ብቻ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ።

ጫት የደም ሥርን ያጠብባል፣ ልብን ያፋጥናል፤ ግፊቱ ከቃሙ በኋላም ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ብትተዉት በጣም ጥሩ ነው።

ግፊታችሁን ስትለኩ ጠዋት፣ ከቡናና ከመድኃኒት በፊት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ 5 ደቂቃ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ወሬ አታውሩ። በ1 ደቂቃ ልዩነት 2 ጊዜ ለክታችሁ መዝግቡ። ቁጥሩ ቢወርድም መድኃኒቱን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።