እንግሊዝኛ ለማስተማር ውጭ ስትሄዱ ብር የሚያስጨርሱ ስህተቶች

ታይላንድ ውስጥ፣ ከባንኮክ ርቆ ባለ አንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት ብር ይፈጃል?» ብሎ ነው። እኔን ግን የጎዳኝ የብሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ያለችኝንም ያወጣኋት በተገላቢጦሽ ነው። መጨረሻ ላይ መውጣት ያለበትን መጀመሪያ አወጣሁ።

ስለ ፓስፖርት ሳይጠይቁ ሰርተፊኬት መግዛት

የ120 ሰዓት የኦንላይን ቴፍል (እንግሊዝኛን ለውጭ ሰው የማስተማር ሥልጠና) ኮርስ አገኘሁና ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝ። ዕዳውን ለመመለስ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ሰርተፊኬቱን እንደያዝኩ ደቡብ ኮሪያ ላይ አተኮርኩ። ደሞዙ ጥሩ ነው፣ ቤት ይሰጣሉ፣ ቲኬት የሚችሉም አሉ። ሃያ ምናምን ቦታ ሲቪ ላክሁ። የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ መስመር፦ «ፓስፖርትህ የየት አገር ነው?»

ኮሪያ ለቋንቋ አስተማሪዎች የምትሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ፣ ለእንግሊዝኛ ሲሆን በመሠረቱ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድ፣ ለአየርላንድና ለደቡብ አፍሪካ። እንግሊዝኛችሁ እንደ ውሃ ቢፈስም ይህ አይቀየርም። ቻይናም በደንቧ አስተማሪው የራሱን አፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲያስተምር ነው የምትፈልገው፤ ለሌላው ያለው በር ጠባብ ነው።

ለእኛ ፓስፖርት የተሻለ ዕድል ያለው ታይላንድ፣ ቬትናምና ካምቦዲያ አካባቢ ነው። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት ከስድስቱ የውጭ አስተማሪዎች አራቱ ፊሊፒናውያን ነበሩ፣ አንዱ ካሜሩናዊ። «ኔቲቭ ብቻ» (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ብቻ) የሚል ማስታወቂያ አውጥተው እኛን የቀጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ማስታወቂያው አያስደንግጣችሁ። ደሞዙ ላይ ግን አድልዎ አለ። ከእኔ በፊት የነበረው እንግሊዛዊ 35,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ያገኝ ነበር፤ ለእኔ የተሰጠኝ 24,000 ነው። ይመራል፣ ግን አውቆ መግባት ይሻላል።

ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት ለአሥር ትምህርት ቤቶች ይህችን ጻፉ፦ «የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላለው ሰው የሥራ ፈቃድ ማውጣት ትችላላችሁ? ምን ምን ወረቀት ትጠይቃላችሁ?» ለዚህ ሳንቲም አይወጣም። ለምሳሌ ታይላንድ ውስጥ ብዙዎቹ ከእኛ ዓይነቱ አስተማሪ ቶይክ በተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 600 ነጥብ ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ በጣም ውድ ለሆነው ሌላ ፈተና፣ ለአይኤልትስ፣ ልመዘገብ ነበር።

ቴምፖ ይዞ መሮጥ

ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስንመረቅ የሚሰጠን ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ወረቀት ነው። ኦርጅናሉ ዲግሪ ኮስት ሼሪንጉ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳው) ተከፍሎ ካላለቀ አይወጣም። ውጭ ያለ ቀጣሪ ደግሞ ቴምፖ ምን እንደሆነ አያውቅም። «ዲግሪህን ላክ» ሲሉኝ ቴምፖዬን ስካን አድርጌ ላክሁ። ከቀጣሪው በኩል የምትጽፍልኝ ሴትዮ «ይሄ ደብዳቤ ነው፣ ዲግሪው የታለ?» አለችኝ። ልክ ናት።

ስለዚህ ብር ካላችሁ ከኮርሱም ከቲኬቱም በፊት ኮስት ሼሪንጉን ጨርሱ። ጊዜ የሚበላው እሱ ነው፤ አገርም ብትቀይሩ፣ ሐሳባችሁንም ብትለውጡ ከእጃችሁ አይጠፋም። እግረ መንገዳችሁን «ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ከሬጅስትራር ውሰዱ። አንዳንድ ቦታ ከእንግሊዝኛ ፈተና ያድናል።

የስም ጉዳይ አለ። የአያቴ ስም ዲግሪዬ ላይ በአንድ «ኤን» ነው የተጻፈው፣ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት። ለኛ ያው ሰው ነው፤ ለውጭ ኢሚግሬሽን ሁለት ሰው ነው። ለዚች አንዲት ፊደል ሬጅስትራር ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ሁለቴ ደግሞ «ሲስተም የለም» ተብዬ። ዛሬውኑ ወረቀቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ማህተሙን ሁሉ ቀድሞ ማስመታት

በተቃራኒው ደግሞ ሥራ ሳያገኙ ወረቀት ሁሉ የሚያስመቱ አሉ። ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም ይመታበታል፣ ከዚያ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ አለ። ለየደረጃው ይከፈላል። የአንዱ አገር ኤምባሲ ማህተም ለሌላው አይሠራም። ከወንጀል ነፃ ማስረጃም ያረጃል፤ ቬትናም ለምሳሌ ከስድስት ወር ያላለፈ ነው የምትፈልገው። የተፈረመ ኮንትራት እጃችሁ ሲገባ አስመቱ።

ለሥራው መክፈል

ቀጣሪ አስተማሪ ከፈለገ ደሞዝ ይከፍላል እንጂ ከአስተማሪው አይቀበልም። «የቦታ ማስያዣ 40,000 ብር» ያለ ደላላ አጋጥሞኛል፤ ያን ጊዜ ብር ስላልነበረኝ ነው የተረፍኩት።

ከገንዘቡም የባሰ አለ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ ምያንማር ውስጥ ካሉት የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ከገቡት 260 ሰዎች ከግማሽ በላይ የእኛ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ካምፖቹ የገቡት «ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ» ተብለው ነው። አጭበርባሪዎቹ ትኬት ይልካሉ፣ ኢንተርቪው ላይ አያስጨንቁም፣ በዶላር ይነግሯችኋል፣ ባንኮክ ስትወርዱ መኪና ይጠብቃችኋል። ደህና ትምህርት ቤት ግን ያንገላታል። ዴሞ (የሙከራ ትምህርት) ይጠይቃል፣ ወረቀት ያስመልሳል፣ ሦስት ሳምንት ዝም ይላል። አሁን ላይ ሳስበው ያ መንገላታት ጥሩ ምልክት ነበር።

በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማስተማር

«መጀመሪያ ግባ፣ ከዚያ እናስተካክላለን» ይሏችኋል። ታይላንድ ከሆነ ናን-ቢ የተባለው የሥራ ቪዛና የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለቪዛው የሚሆነውን ደብዳቤ የሚልክላችሁ ትምህርት ቤቱ ነው። አልክም ካለ ምክንያት አለው። ቻይና ውስጥ ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተያዘ ሰው በሕጉ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጉዳዩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። የወር ደሞዛችሁን ሊጨርስ ይችላል።

ወቅቱን አለማየት

ታይላንድ ትምህርት የሚከፈተው ግንቦት ላይ ነው፣ ሁለተኛው መንፈቅ ኅዳር አካባቢ። መስከረም ላይ የላክሁት ሲቪ ሁሉ ባዶ ቀርቷል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የላክሁት ግን መልስ አመጣ።

ቲኬት ቆርጦ ባዶ ኪስ መሄድ

ግንቦት አጋማሽ ላይ ደረስኩ። የዚያ ወር ደሞዝ ዝርዝር ተዘግቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ብር ያየሁት ሰኔ መጨረሻ ነው። ክፍሏ በወር 3,500 ባት ናት፤ አከራይዋ የሁለት ወር ማስያዣ ጨምራ 10,500 ተቀበለችኝ። ሰኞ ሰኞ አስተማሪ ሁሉ ቢጫ ሸሚዝ ይለብሳል፤ 250 ባት። ጥቁር ጫማም ያስፈልጋል። ቀን ምሳ ትምህርት ቤት በነጻ ነበር፤ ማታ በአብዛኛው ሩዝና እንቁላል። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ቀናት የካሜሩኑ ጓደኛዬ ነው ያበላኝ።

ከቲኬቱ ሌላ የሁለት ወር መኖሪያ ካልያዛችሁ ጉዞውን ለሚቀጥለው መንፈቅ አዘዋውሩት። ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊትም «የመጀመሪያው ደሞዝ የሚከፈለው በስንት ቀን ነው? ቅድሚያ ይሰጣል?» በሉ። አያሳፍርም። እኔ አፍሬ ነው የተራብኩት።

ዴሞ ላይ ሌክቸር መስጠት

የመጀመሪያው ዴሞዬ በዙም ነበር። ሦስት መምህራን እንደ ልጅ ሆነው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ እንደተማርኩት አድርጌ ፕረዘንት ፐርፌክትን ከነሕጉ አሥር ደቂቃ አብራራሁ። አንዷ ካሜራዋን አጠፋች። መልስም አልመጣም።

ለሁለተኛው ዴሞ ሰፈር ካለው ጉልት ሙዝ፣ ሎሚና አንድ ራስ ሽንኩርት ገዛሁ። እያነሳሁ ስማቸውን አስጠራኋቸው፤ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ደብቄ «አሁን ምን ይዣለሁ?» እያልኩ አስገመትኳቸው። ርዕሰ መምህርቷ ሦስት ጊዜ ስታ ሳቀች። በሁለት ሳምንቱ ኮንትራቱ መጣ። ከወጪዬ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር፤ ሽንኩርቱም ማታ ወጥ ውስጥ ገባ።