ለሥነ ልቦና ምክር ሲቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሥነ ልቦና ምክር አንዱን የረዳ አካሄድ ሌላውን ላይረዳው ይችላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ጭንቀት እንቅልፍ ቢያጡ እንኳ፣ አንዱ ሐሳቡን በጽሑፍ እየመረመረ ሲረጋጋ ሌላው አስቀድሞ ኀዘኑን የሚሰማለት ሰው ይሻል። አማካሪው ይህን ለይቶ አካሄዱን ለእርስዎ እንዲስማማ ማድረግ የሚችለው እርስዎ ከሚነግሩት ተነሥቶ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአካልም ሆነ በኢንተርኔት በምሰጠው ምክር ደጋግሜ ያየኋቸው ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ተገልጋዩን ከአማካሪው ዓይን የሚሰውሩ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመኝ «ያው ታውቀዋለህ» የሚለው ነው። ተገልጋዩና አማካሪው አማርኛ ተናጋሪ ሲሆኑ ብዙው ነገር ሳይነገር የሚታወቅ ይመስላል። አንድ ወጣት (ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ) ስለ አባቱ ስጠይቀው «ያው የሐበሻ አባት ነዋ፣ ታውቀዋለህ» ብሎ ሊያልፈው ነበር። እኔም አላውቃቸውም አልኩት። ቀስ በቀስ የነገረኝ፣ አባቱ ማታ ማታ ደብተሩን እያገላበጡ የቀይ እስክሪብቶ ምልክቶችን ይቆጥሩ እንደነበርና ቆጥረው እስኪጨርሱ ራት እንደማይቀርብ ነው። ዛሬ አለቃው «ሪፖርቱን አየሁት» የሚል መልእክት በላከ ቁጥር ሆዱን ለምን እንደሚቆርጠው የገባን ከዚያ በኋላ ነበር። «የሐበሻ አባት» በሚለው ውስጥ ግን ከዚህ አንዱም አልነበረም። አማካሪዎ የአገርዎ ልጅ ቢሆንም እንኳ ቤትዎን አይቶ እንደማያውቅ ሰው ቆጥረው ያስረዱት።

ሌላው ስህተት አማካሪን እንደ ሽማግሌ ማየት ነው። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ጥፋተኛውን ይገሥጻል፣ ያስክሳል፣ ያስታርቃል፤ በቦታው ትልቅ ሥራ ነው። በምክር ክፍል ግን «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» ለሚል ጥያቄ የምሰጠው ፍርድ የለኝም፤ ባለቤትዎን ጥፋተኛ ባደርግልዎ በእርስዎ በኩል የሚሠራው ሥራ ሳይጀመር ይቀራል።

ፀበል መጠመቅን፣ ዱዓ ማስደረግን ወይም መድኃኒት መውሰድን እንዳንነቀፍ ብለው የሚደብቁ ብዙ ናቸው። እምነትዎ የሚያጽናናዎት ከሆነ አማካሪው ሊያውቀውና ሊጠቀምበት ይገባል። አደጋው ያለው ፀበል ገባሁ ወይም ተሻለኝ ብሎ የድባቴ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ድንገት ማቆሙ ላይ ነው፤ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ሊያስከትል፣ ሕመሙንም ሊመልሰው ይችላል። መድኃኒቱን የሚያዝዘውና የሚቀንሰው የአእምሮ ሐኪምዎ ነው፤ ሆኖም አማካሪው ማቆምዎን ካላወቀ መነጫነጭዎ ከትዳርዎ የመጣ ሊመስለው ይችላል።

በኢንተርኔት ሲሆን ደግሞ ትልቁ ስህተት ሰው ባለበት ቤት ተቀምጦ መነጋገር ነው። አንዲት ተገልጋይ ለሁለት ሳምንት ያህል «አዎ፣ ደህና ነኝ» ከማለት በቀር የምትናገረው አልነበራትም፤ ዓይኗ ግን በየደቂቃው ወደ በሩ ይሄድ ነበር። አማቷ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ከቆመ መኪና ውስጥ መነጋገር ጀመርን፤ ሰው ከመጣም «ዋጋውን በኋላ ንገረኝ» እንድትልና እኔም ወሬ እንድቀይር ተስማማን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለምትሠራ እህት ያለው ጸጥተኛ ሰዓት ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በድምፅ ብቻ ወይም በአጭሩ መነጋገር ይሻላል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ስለሚታገድ የትኛው መተግበሪያ እንደሚሠራ አስቀድሞ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ሰዓትን በግምት መያዝ ቀላል ቢመስልም ብዙ ቀጠሮ ያበላሻል። «2 ሰዓት» ሲባል በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? የአዲስ አበባ ምሽት 2 ሰዓት ለዋሽንግተን በክረምታቸው እኩለ ቀን ነው፤ በመጋቢት ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ አማካሪው በየትኛው ስቴት የሥራ ፈቃድ እንዳለውም ይጠይቁ፤ ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ስለሆነ፣ ልዩ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የሚታየው በቀጠሮው ሰዓት እርስዎ ያሉበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ እየኖሩ በምሳ ሰዓት ከቨርጂኒያ የሚደውሉ ሰዎች ይህን ልብ አይሉትም።

ያሉበትን ቦታ አለመናገር ከዚህ የባሰ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል፣ ነገሩ ከከፋም በአቅራቢያዎ ማን እንደሚጠራ አስቀድመው ይስማሙ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ የሚቀጥለው ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በአሜሪካ 988 ይደወላል፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የመጨረሻው ስህተት ይሉኝታ ነው፤ እኔን በግሌ ከሁሉም የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ተገልጋዩ አካሄዱ ባይስማማው እንኳ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይልና በሦስተኛው ቀጠሮ ስልኩን አያነሣም። በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ አባት አንተ ማለቴ ከንክኗቸው ሳለ ወር ሙሉ ችለውኛል፤ አንድ ቃል ቢናገሩ እኮ በዚያው ቅጽበት ይታረም ነበር። ሌላ ሴት ግን በሁለተኛው ሳምንት ደፍራ «ማስታወሻ ጻፊ ያልከኝን አልጻፍኩም፤ ልጆቼ ያነቡታል» አለችኝ። ስለዚህ ደብተሩን ትተን፣ የሚያስጨንቃት ሐሳብ በመጣ ቁጥር አንድ የቡና ፍሬ ከግራ ኪሷ ወደ ቀኝ ኪሷ እንድታዛውር ተስማማን። በሳምንቱ መዳፏን ወደ ካሜራው አስጠግታ የቡናውን ክምር አሳየችኝና «ይኼ ሁሉ የሐሙስ ነው» አለች፤ ውይይታችንንም ከሐሙስ ጀመርን።