ጠንካራ ነው ወይስ ያረጀ? ስፖርት አውቶሞቢል ከመግዛትዎ በፊት ምቾቱንና መንገድ አያያዙን ጎንደር ላይ እንዴት ይፈትሻሉ

ስፖርት አውቶሞቢል ከተራው የቤት መኪና ጠንከር ተደርጎ ይሠራል። ሞላው በቀላሉ አይታጠፍም፣ ሾክ አብዞርበሩ የሞላውን ውዝዋዜ ቶሎ ይገታል፣ የጎማው ጎን ቀጭን ነው። ስለዚህ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ማንገጫገጩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ችግሩ ሾኩ ያለቀ፣ ጎሚኒው (በብረት ክፍሎች መገጣጠሚያ የሚገባው ላስቲክ) የተበላ መኪናም ያንገጫግጫል፤ ሻጩም «ስፖርት ስለሆነ ነው» ይላል። የገዢው ሥራ ሁለቱን መለየት ነው። መለያውም ይኸው ነው፦ ጤነኛ ጠንካራ መኪና ጉብታውን አንዴ ያሳውቅዎትና ዝም ይላል። ያረጀው ጉብታው ካለፈም በኋላ መወዛወዙን ወይም መንኳኳቱን ይቀጥላል።

ለፈተናው ሁለት ሰዓት ያህል ይመድቡ። ቅዳሜ ገበያ ስለሚበዛ ሌላ ቀን ይምረጡ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የተማሪውና የሠራተኛው ግፊያ ጋብ ይላል። የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ መሬት ላይ ለመተኛት አንድ ማዳበሪያ ወይም ካርቶን ይያዙ። ሻጩ መኪናውን ቀድሞ እንዳይነዳው ይንገሩት፤ ጎማው ቀዝቅዞ ሊያገኙት ይገባል።

1. ጎማውን ያንብቡ

ከዚህ ደረጃ በፊት መኪናውን አይንዱ። ጎማው ካልታወቀ ቀጥሎ የሚሰማዎት ነገር ሁሉ ያሳስትዎታል።

በጎማው ጎን 225/45 R17 የሚል ካዩ፣ 225 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲያሰሉት ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው ላስቲክ 101 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 195/65 R15 ላይ 127 ሚሊሜትር ነው፤ 235/40 R18 ላይ ግን 94 ብቻ። በኮብልስቶኑ ጠርዝና በወገብዎ መካከል ያለው የመጀመሪያው ትራስ ይህ ላስቲክ ነው። በ18 ቸርኬ የቆመ መኪና ዓይን ይስባል፤ ለጎንደር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን አንመክረውም። አንድ የአስፋልት ጉድጓድ ላስቲኩን እስከ ቸርኬው ይጨፈልቀዋል፣ ቸርኬው ይታጠፋል ወይም የጎማው ጎን ያብጣል።

መኪናውን ከወደዱት መፍትሔ አለው። 205/55 R16 እና 225/45 R17 ሙሉ ቁመታቸው 632 እና 634 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ወደ 16 ቢወርዱ የፍጥነት መቁጠሪያው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም፤ 12 ሚሊሜትር ተጨማሪ ላስቲክ ግን ያገኛሉ። ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ ትንሹ ቸርኬ የፊት ፍሬኑን ሳይነካ መዞሩን፣ እና ልኩ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ከፈቀዳቸው ውስጥ መሆኑን።

ቀጥሎ ዕድሜው። ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ላስቲኩ ይደርቃል፤ ይጮኻል፣ ያንገጫግጫል፣ በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። የሚሰማዎት ድርቀት የመኪናው ሳይሆን የጎማው ሊሆን ይችላል።

ንፋሱን በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። አብዛኛው አውቶሞቢል ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጠይቃል። 25 ሆኖ ካገኙት መኪናው ለዕለቱ እንዲለሰልስ ተብሎ የተቀነሰ ሊሆን ይችላል፤ መሪውም በዚያው ልክ ይዝላል። ጎሚስታ ጋ ጎራ ብለው አስተካክለው ይጀምሩ። መኪናው ከቆላ ገና የመጣ ከሆነ ደግሞ በቅዝቃዜው መልሰው ይለኩት፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለወጥ ንፋሱ በ2 ፒኤስአይ ገደማ ይለዋወጣል።

አሁን መዳፍዎን በጎማው ፊት ላይ ያስኪዱ። በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቆረቁር ከሆነ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቋም ልክ) ተዛብቷል። በዙሪያው ቦታ ቦታ የተቦረቦረ ጎድጎድ ካለ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ሲዘል ኖሯል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሾክ ማለቅ ምልክት ነው። ውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ከተበላ ከሥር የሆነ ነገር ተጣሟል ወይም ላልቷል። ከፊት በግራና በቀኝ የተለያየ ዓይነት ጎማ መግጠምም መሪውን ወደ አንድ ወገን ያስባል።

እንደ ቢኤምደብሊው ባሉ መኪኖች ላይ ራን ፍላት የሚባለውን ጎማ ሊያገኙ ይችላሉ። ንፋሱ ወጥቶም ለተወሰነ መንገድ እንዲሄድ ጎኑ ስለተጠናከረ መኪናውን ያደርቀዋል። በተራ ጎማ ቢቀየር ምቾቱ ወዲያው ይሻላል፤ ነገር ግን እነዚህ መኪኖች ብዙ ጊዜ ስኮርት (ትርፍ) ጎማ የላቸውም፤ ባሕር ዳር ድረስ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

2. ከሥር ይመልከቱ

ማዕዘኑን በእጅ ጫን አድርጎ መልቀቅ የተለመደ ፈተና ነው፤ ተመልሶ ወጥቶ ወዲያው መቆም አለበት። ሆኖም ስፖርት ሞላ በእጅ ብዙም ስለማይወርድ በዚህ ብቻ አይተማመኑ። በእጅ ባትሪ ሾኩን ይዩት። አቧራ የያዘ ስስ የዘይት ወዝ ያን ያህል አያሳስብም፤ ወደ ታች የወረደ እርጥብ ዘይት ካለ ሾኩ አልቋል።

ሞላውን በጥንቃቄ ይመርምሩ፤ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይፈጸምበታል። አንደኛው መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላውን መቁረጥ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ ፋብሪካ የቀባው ቀለም የለውም፣ ጠርዙም ሸካራ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ይተዉት። ሁለተኛውና በአገራችን የተለመደው ከሞላው ጋር ላስቲክ ወይም አሉሚኒየም ጨምሮ መኪናውን ማስነሳት ነው። ሐሳቡ መሬት እንዳይነካ ነው፤ ውጤቱ ግን ሾኩ ሁልጊዜ ተስቦ እንዲኖር ያደርጋል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሾኩ የሚሳብበት ቦታ ስለማይተርፈው «ጧ» ብሎ ይመታል፤ ወደ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግም በማይገባው ማዕዘን ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል። ከፍታው ለስፖርት አውቶሞቢል መንገድ አያያዝ ጠላት ነው።

ሻጩ ከፈቀደ በክሪክ አንሥተው፣ መደገፊያ አድርገው፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ወይም ቦል ጆይንት (ጎማውን ከክንዱ የሚያያይዘው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ የመሪ ቲራንቲ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። ጎማውን አሽከርክረው የቸርኬው ጠርዝ መዋዠቁን ይመልከቱ፤ የታጠፈ ቸርኬ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ሊመስል ስለሚችል ውስጠኛውን ጠርዝ በጣትዎ ይከተሉት።

መሪው ቀጥ እንዳለ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ከባድ ግጭት የደረሰበት መኪና ሊሆን ይችላልና መካኒክ ሳያየው አይግዙ። ዝቅተኛውን ቦታ ከመሬት ይለኩት፤ ባዶውን ከ13 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አምስት ሰው ሲጭን በብዙ ጉብታ ላይ ሆዱ ይፋቃል።

3. ኮብልስቶን፣ ሬዲዮ ጠፍቶ

የሚኖሩበትን ሰፈር ኮብልስቶን ይምረጡ፤ በየቀኑ የሚያገኙት እሱን ነው። በ15 እና በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት መካከል፣ መጀመሪያ መስኮት ዘግተው፣ ሲመለሱ ከፍተው ይንዱ። ፈጠን ያለ ቀጭን የብረት «ኳ ኳ» አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኙን ከሚያገናኘው የስታቢላይዘር ዘንግ ማያያዣ ነው፤ ቀላል ጥገና ነው። ደንዘዝ ያለ «ድም» የሚል ምት ከታችኛው ብራቾ (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ጎሚኒ ወይም ከሾኩ የላይኛው መቀመጫ ይመጣል። ቆመው መሪውን ዳር እስከ ዳር ሲያዞሩ ሞላው «ጥርቅ» ብሎ ቢዘል የላይኛው መቀመጫ ነው። መሪውን አጥፈው በቀስታ ሲሄዱ ተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» ካለ የጎማ ዘንጉ መገጣጠሚያ አልቋል።

4. ጉብታው ላይ ይቁጠሩ

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ይህ ነው። አንድ ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሞ የመኪናውን ጎን በስልክ ይቅረጽ። በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውን ይለፉ። በቪዲዮው ላይ የኋላ ፓራውልቱን ይከታተሉ፦ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ ከሆነ ሾኩ ይሠራል። ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ፣ ወረደ ከሆነ አልቋል። ጎማው መሬት ሲነካ ቢርገበገብም እንዲሁ። ከዚያ በአንድ ወገን ጎማ ብቻ ይለፉ። የኋላ ሁለት ጎማዎችን አንድ ወፍራም ዘንግ የሚያያይዛቸው መኪና የአንዱን ምት ለሌላው ያካፍላል፤ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ክንዶች የተያዘ ከሆነ ግን ሌላው ወገን ብዙም አይነቃነቅም። የኋላ መቀመጫ ላይ አንድ ሰው አስቀምጠው ይጠይቁት፤ ልዩነቱን ከሹፌሩ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

5. ወደ አዘዞ ይውረዱ

ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዘዞ መንገድ ቁልቁለትም፣ ቀጥታም፣ መታጠፊያም አለው። ቀጥታው ላይ መሪውን ላላ አድርገው ይያዙ። አስፋልት ውኃ እንዲያፈስ ወደ ጠርዙ ስለሚያጋድል ጥቂት ወደ ቀኝ መሳብ ያለ ነው፤ በየትኛውም ቦታ ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ግን አላይመንት፣ ጎማ ወይም የተያዘ ፍሬን ነው። 80 አካባቢ ንዝረቱ መሪው ላይ ከመጣ የፊት ጎማ ባላንስ ወይም ቸርኬ፣ ወንበር ላይ ከመጣ የኋላ ነው። ፍሬን ሲይዙ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ የዲስክ መጣመምን ያመለክታል።

የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ በመታጠፊያ ላይ ያዳምጡት። ወደ ግራ ሲታጠፉ ከጨመረ ክብደቱ ያረፈበት የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ካልተለወጠ ብዙ ጊዜ የጎማ ጩኸት ነው።

መታጠፊያ ላይ ፍጥነት አይሞክሩ፤ ሰው፣ ከብትና ባጃጅ ያለበት መንገድ ነው። ጥሩ ስፖርት አውቶሞቢል ብቃቱን በ50ም ያሳያል። መሪውን አንዴ አዙረው ያዙት፤ መኪናው ጋደል ብሎ ይረጋና በያዘው መስመር ይዞራል። መሐል ላይ ደጋግመው ማረም ካስፈለገዎት መሪው ወይም ጎሚኒው ላልቷል። በመታጠፊያ መሐል አስፋልቱ ሲጎረብጥ ጭራው ወደ ውጭ ዘለል ካለ የኋላ ሾክ ነው። ከመታጠፊያው ሲወጡ መሪውን ላላ ሲያደርጉት በራሱ ወደ መሐል መመለስ አለበት።

ስፖርት ሞድ ካለው ተጭነው ያው ጉብታ ላይ ይድገሙት። በብዙ መኪና ላይ የሚለወጠው የነዳጅ ፔዳሉና የመሪው ክብደት ብቻ ነው። ሾኩም የሚጠነክር ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው ማለት ነው፤ ሲበላሽ ከተራው በብዙ እጥፍ ያስወጣል።

6. ሰው ጭነው ይድገሙ

አራት አዋቂ ጭነው ጉብታውን እንደገና ይለፉ። ባዶውን ደርቆ የነበረው መኪና ሲጭን ሊለሰልስ ይችላል። ከኋላ «ግው» ብሎ ከመታ ግን ሞላው ደክሟል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ብዙ ገዢ ወደ ኤሌክትሪክ እያየ ነው። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለተኛ መታጠፊያ ላይ ተደላድሎ ይዞራል፤ ነገር ግን ክብደቱን ለመሸከም ሞላው ጠንካራ ነው፣ ጎማም ቶሎ ይበላል። የባትሪውን መከላከያ ሽፋን ከሥር ተኝተው ይዩት፤ የጠለቀ ስርጉድ ካለ በባለሙያ ሳይታይ አይግዙ።

7. ከክፍያው በፊት አላይመንት

የመጨረሻው ማሽን ላይ ማስለካት ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ግራና ቀኙን ያስተያዩ። ባለሙያው ሊያስተካክለው ያልቻለ ቁጥር ካለ የተጣመመ ክፍል ሊኖር ይችላል፤ ያ መኪና ይቅርብዎት። ሾክ፣ ጎሚኒ፣ ጎማ ግን የድርድር ጉዳይ ናቸው። ሾክ በጥንድ ስለሚቀየር የሁለቱን ዋጋ ከነእጅ ሥራው ጋራዥ ጠይቀው ከዋጋው ያስቀንሱ። ከተቀየረ በኋላ አላይመንቱን እንደገና ያሠሩ፤ ካልሆነ አዲሱ ጎማ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከጠርዙ ያልቃል።