ማንጎውን በልታችሁ ፍሬውን ለውሻ አትወርውሩ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የማንጎ ወቅት ሲመጣ ሥራ ይበዛብኛል። ውሻ ይዘው ይመጡና፦ ሁለት ቀን ምግብ አልነካም፣ ውሃ ሲጠጣ እንኳ ያስመልሰዋል። ምን በላ? «ምንም!» ትንሽ ቆይቶ አንዱ ልጅ ከጀርባ ሆኖ፣ «ማንጎ ሰጥተነው ነበር» ይላል። የሰጡት ግን ማንጎውን አይደለም፤ ግጠው ግጠው የጨረሱትን ፍሬ ነው!

ስንቴ ልናገር? ያ ፍሬ ያሙለጨልጫል። ውሻ አጥንት እንደሚቆረጥም አይቆረጥመውም፤ በተለይ አጠገቡ ሌላ ውሻ ካለ እንዳይቀማ ብሎ እንዳለ ይውጠዋል። ከዚያ ጨጓራው ውስጥ ይከርማል ወይም አንጀቱ ላይ ይሰነቀራል። አንዴ አንጀት ላይ ከተሰነቀረ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ጥገና ነው። አንዱን ቤተሰቡ ሦስት ቀን ሙሉ ዘይት ሲግቱት ከርመው አመጡልኝ። ሆዱን ስከፍት ፍሬው ፂሙ እንኳ አልረገፈም፤ የያዘው አንጀት ግን ጠቁሯል። ቆርጬ መስፋት ነበረብኝ። ተርፏል፤ ባለቤቶቹ ግን ለአንድ ማንጎ ፍሬ ያወጡትን ገንዘብ ሲሰሙ ዝም ነው ያሉት። የአቮካዶና የኮክ ፍሬም ያው ነው፤ የኮኩ ሲሰበር መርዝም አለው።

ወይንና ዘቢብ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚጎዱት ኩላሊት ነው። ምክንያቱ ለብዙ ዓመታት ግራ ሲያጋባ ቆይቶ፣ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ተመራማሪዎች ጣታቸውን ወይን ውስጥ ባለው ታርታሪክ አሲድ ላይ ቀሰሩ። አንዱ ውሻ እፍኝ በልቶ ምንም አይሆንም፣ ሌላው በጥቂቱ ይታመማል፤ ስለዚህ «የኔ በልቶ ምንም አልሆነም» አትበሉኝ። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ዘቢብ በመዳፌ ይዤ ለውሻችን አበላት ነበር፤ አንድ በአንድ በከንፈሯ ለቀም ስታደርግ ደስ ትለኝ ነበር። ዕድለኛ ሆና ነው እንጂ በኔ እውቀት አልተረፈችም። ዘቢብ ያለበት ኬክና ዳቦም እዚሁ ውስጥ ይገባል፤ ተጋግሯል ብላችሁ አትመኑት።

ሙዝ ያለ ልጣጩ፣ ፖምና ሐብሐብ ያለ ፍሬያቸው፣ ፓፓያም እንዲሁ፣ ችግር የለም። ብቻ ከቀን ምግቡ አንድ አሥረኛ እንዳያልፍ፤ ለትንሽ ውሻ ሁለት ሦስት ቁራጭ ሙዝ ይበቃዋል። ብርቱካን ብዙዎቹ አሽትተው ይተዉታል፣ እናንተም ተዉት።

የመጨረሻውና የሚያናድደኝ ወተቱ ነው። ውሻ ወይን በላ ሲባል ወተት ያጠጡታል፣ ካልሆነ ጨው በጥብጠው ያስመልሱታል። ወተት የወይኑን መርዝ አያረክስም፣ ጨው ደግሞ ራሱ ይመርዘዋል። ኩላሊቱ መጎዳቱ የሚታወቀው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ «ደህና ነው፣ ነገ እናያለን» ማለትም አይሠራም። በበላበት ሰዓት ይዛችሁት ኑ፣ የተረፈውንም በፌስታል አድርጋችሁ አምጡልኝ።