ቱርቦው ከመፈታቱ በፊት፦ ለውድድር በምትሠራ መኪና ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ውስጥ ቱርቦ (በጭስ ማውጫው ጋዝ እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የተገጠመላት መኪና ጋራዥ ስትገባ፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት «ቱርቦው አልቋል» የሚል ፍርድ ይሰጣል። በእኔ ልምድ ይህ ፍርድ ትክክል ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቱርቦው የሌላ ክፍል ጥፋት ተሸካሚ ሆኖ ይፈታል፣ በሌላ ይተካል፣ አዲሱም በዚያው ምክንያት ይሞታል። ከዚህ በታች የቀረበው፣ በዝግ መሬት ላይ ለአማተር ውድድር በምትዘጋጅ መኪና ላይ ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ ጥገናው የሚወስድ መንገድ ነው። ምሳሌ የማደርገው እኔ ስሠራበት የቆየሁትን 4ኤ ኤፍኢ የተባለ የቶዮታ ኮሮላ ሞተር ነው። 1,587 ሲሲ ይዞታ ያለው ይህ ሞተር ከፋብሪካ የወጣው ያለ ቱርቦ ሲሆን፣ አየርና ነዳጁን 9.5 ለ1 ስለሚጨምቅ በላዩ ላይ ቱርቦ ሲጨመርበት ለስህተት የሚተወው ቦታ ጠባብ ነው።

የግፊት መለኪያው ትክክል ያሳያል፤ መኪናዋ ግን ትደክማለች

ከውጭ አገር የተገኘ መመሪያ 0.5 ባር የቱርቦ ግፊት (1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል ነው) ይበቃል ይላል፤ ባለቤቱም 0.5 ባር ይሰጣል፤ መኪናዋ ግን እንደተባለላት አትስብም። እዚህ ላይ የተበላሸ ዕቃ የለም። ዳሽቦርድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ የሚያሳየው በአካባቢው ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ 1,750 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት ጅማ ግን 82 ገደማ ነው። ስለዚህ ያው 0.5 ባር ጅቡቲ ወደብ ላይ 151፣ ጅማ ላይ ደግሞ 132 ኪሎ ፓስካል ጠቅላላ ግፊት ይሰጣል። ሁለቱን እኩል ለማድረግ ጅማ ላይ ወደ 0.7 ባር የሚጠጋ ግፊት ያስፈልጋል።

ነገር ግን ይህ ጭማሪ በነጻ አይገኝም። ጅቡቲ ላይ ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም አየር የሚጨምቀው የቱርቦው ክፍል፣ የሚገባውን አየር 1.5 ጊዜ ብቻ ይጨምቅ የነበረ ሲሆን፣ ጅማ ላይ ለዚያው ውጤት 1.84 ጊዜ መጨመቅ ይኖርበታል። የጅቡቲን ሙቀት ለጊዜው እንርሳውና በሁለቱም ቦታ 27 ዲግሪ የሆነ አየር ይገባል ብንል፣ 70 በመቶ ብቃት ካለው ኮምፕሬሰር የሚወጣው አየር በመጀመሪያው ቦታ ወደ 79፣ በሁለተኛው ወደ 109 ዲግሪ ይደርሳል። የመጀመሪያው ጥገና እንግዲህ ግፊቱን መጨመር ሳይሆን ኢንተርኩለሩን (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር) ማሳደግና አየር በትክክል እንዲያልፍበት ከፊት ያለውን ክፍተት መምራት ነው። ግፊቱ ቀስ በቀስ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቱርቦ ሲመረጥም የኮምፕሬሰሩ ካርታ (ብቃቱን የሚያሳየው ሥዕል) መነበብ ያለበት በመለኪያው ቁጥር ሳይሆን በዚህ የመጨመቅ ሬሾ ነው፤ አለበለዚያ ትንሹ ቱርቦ ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ እየተሽከረከረ ሙቀት ብቻ ያመርታል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ጅማ ላይ የተስተካከለች መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ወደ ጊቤ ድልድይ፣ ማለትም ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ስትወርድ፣ የአየሩ ግፊት በ7 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጨምራል። ትርፍ የጭስ ጋዝ በጎን አሳልፎ የቱርቦውን ግፊት የሚወስነው የዌስትጌቱ ስፕሪንግ ይህን አያውቅም፤ የሚጠብቀው ልዩነቱን ብቻ ስለሆነ ሞተሩ ከታሰበለት በላይ አየር፣ ያውም ሞቃት አየር ያገኛል። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅና እሳት የሚሰጠው በጠቅላላ ግፊት ላይ ተመሥርቶ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለነገሩ ቱርቦ ለከፍታ እንግዳ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ከነቱርቦው ጭኖ የሞከረው 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ ነበር።

ግፊቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ወይም ከነጭራሹ አይሞላም

በኮምፕሬሰሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚያፈስ ቦታ መኖሩ በመጀመሪያ መጠርጠር አለበት። የቱርቦው መግቢያ የጎማ ቫልቭ በተገጠመለት ክዳን ተደፍኖ፣ በጎማ መንፊያ እስከ 0.5 ባር ድረስ አየር ይሞላና እያንዳንዱ መጋጠሚያ በኦሞ ውሃ ይቀባል። በአንድ ወቅት ሁለት ቀን ሙሉ ያስቸገረኝ ፍሳሽ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከላይ ሲታይ ጥብቅ ብሎ የታሰረው ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት)፣ ከሥሩ ግን በቧንቧው ጫፍ ካለው ጉብታ አልፎ ወደ ውጭ ተንሸራትቶ ነበር፤ በመስታወት ከሥር ሳየው አረፋው እንደ ሽሮ እየተንተከተከ ነበር። ጥገናው ፋሸታውን ከጉብታው ወደ ውስጥ መልሶ ማሰር ብቻ ሆነ። በዘይት መሙያው በኩል የሚሰማ ቀላል ፉጨት ክፍት በሆኑ ቫልቮች ገብቶ በፋሻዎቹ (በፒስተን ቀለበቶቹ) ሾልኮ የሚወጣ አየር ስለሚሆን ብቻውን አያስደነግጥም።

በአየር በኩል ፍሳሽ ከሌለ ወደ ጭስ ማውጫው ይዞራል። በማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ በሚሰበስበው ቧንቧ) እና በተርባይኑ (ጭሱ በሚያዞረው የቱርቦው ክፍል) መካከል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መጋጠሚያውን የሚያሽገው ንጣፍ፣ ከተቃጠለ ዙሪያው ላይ የጥላሸት ጭረት ይታያል፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ጋዝ በዚያ ያመልጣል። የዌስትጌቱ ክዳን በጥላሸት ተይዞ ክፍት ቀርቶ እንደሆነም በእጅ ማንቀሳቀስ ይበቃል። የአየር ፊልትሮውም አይረሳ፤ በበጋ ከኮረኮንች መንገድ የሚነሣው ቀይ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ወደ ታች ወርዶ የተገጠመ የወረቀት ፊልትሮ የሚጠጣው ውሃ፣ ሁለቱም መተንፈሻውን ይዘጋሉ።

ግፊቱ ከተወሰነው በላይ ይወጣል

እግር ወዲያውኑ ከነዳጅ መስጫው ይነሣል። በአብዛኛው ወደ ዌስትጌቱ የምትሄደው ቀጭን የግፊት ቱቦ ወልቃለች ወይም ቀልጣለች፤ ሙቀት በሚችል ቱቦ ተተክታ በሁለቱም ጫፍ መታሰር አለባት። ቱቦዋ ደህና ሆና ግፊቱ ከዙሩ ጋር ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ግን የዌስትጌቱ ቀዳዳ ጋዙን ለማስወጣት ጠብቧል ማለት ነውና መስፋት ይኖርበታል።

ሞተሩ በሙሉ ጭነት ያንኳኳል

ድምፁ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲናወጥ የሚሰማውን ይመስላል። ከተሰማ ፍተሻው እስኪያልቅ ድረስ መኪናዋ ዳግም በጭነት መነዳት የለባትም፤ ፒስተን የሚሰነጠቀው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የአየርና የነዳጁ መጠን (ለአንድ እጅ ነዳጅ ስንት እጅ አየር እንደሚገባ) ሲሆን፣ ለዚህ ሰፊ ንባብ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ያስፈልጋል። ከፋብሪካ የሚመጣው ሴንሰር የሚለየው ከ14.7 ለ1 በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ነው፤ በግፊት ላይ ያለ የቤንዚን ሞተር ግን ከ11.5 እስከ 12 ለ1 ድረስ መስጠት ይገባዋል።

ንባቡ ከዚህ ከፍ ካለ ነዳጅ አንሷል። እዚህ ላይ በጅማ መኪኖች የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በባሕር ጠለል ላይ ላለው አየር ተብሎ የተሠራ የፋብሪካ ግፊት ሴንሰር እስከ 101 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሚያነብ፣ ጅማ ላይ መለኪያው 0.2 ባር እስኪደርስ ድረስ ነዳጁ በትክክል ሲጨመር ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ሴንሰሩ መጨረሻው ላይ ይደርሳል፣ አየሩ ይጨምራል፣ ነዳጁ ግን ባለበት ይቀራል። «በቀስታ ስትነዳ ደህና ናት፣ ስትጫን ነው የምታንኳኳው» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ ምንጩ ይህ ነው። መፍትሄው እስከ 3 ባር የሚያነብ ሴንሰርና ማፑ (የነዳጅና የእሳት ሰንጠረዡ) እንደገና ሊጻፍ የሚችል ኮምፒውተር ነው፤ በነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ ብቻ ለማታለል መሞከር ገንዘብ ይቆጥባል፣ ሞተር ግን ይበላል።

ሴንሰሩ ደህና ከሆነ ነዳጁን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ክፍት ሆነው የሚቆዩበት ጊዜ ይታያል፤ ከ85 በመቶ ካለፈ አነስተኛ ናቸውና በትላልቅ ይተካሉ። የነዳጅ ፓምፑ ቮልቴጅ የሚለካው መኪናዋ ቆማ ሳለች ሳይሆን ሞተሩ እየሠራ፣ ፓምፑ ራሱ ላይ ነው፤ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት እየታየ በቀጭኑ የድሮ ሽቦ ምክንያት ፓምፑ ጋ 11 ብቻ ሊደርስ ይችላል። አዲስ ወፍራም ሽቦ ከሪሌ ጋር መዘርጋት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የአየርና የነዳጁ መጠን ትክክል ሆኖ ማንኳኳቱ ከቀጠለ፣ የእሳቱ ጊዜ ወደኋላ መመለስ ወይም የቤንዚኑ ጥራት መጠየቅ አለበት። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ ላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ ከተቀላቀለበት ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። ለቆመ ታክሲ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለዚህ ሞተር ግን ጠብታውም አይገባም።

ማንኳኳት ሳይሆን መቆራረጥ ከሆነ የሚሰማው፣ ካንዴላው ይታያል። በግፊት የታመቀ አየር እሳቱን እንዳይዘል ስለሚከለክል ክፍተቱ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ ካንዴላውም ከፋብሪካው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ይሁን። በኤንጂኬ ምርቶች ቀዝቃዛው ትልቁ ቁጥር ነው፤ በሌሎች አምራቾች ቁጥሩ የሚገለበጥበት ጊዜ ስላለ ሳያረጋግጡ መግዛት ያሳስታል።

ሰማያዊ ጭስ

ቱርቦው ያለ ፍርድ የሚሰቀልበት ምልክት ይህ ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው። በጫና የገባው ዘይት የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ መመለሻው ሰፊ፣ መሐል ላይ ሳይረግብ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ፣ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) የሚገባውም ከዘይቱ ልክ በላይ መሆን አለበት። ይህ ካልሆነ፣ ወይም ባረጁ ፋሻዎች ምክንያት የሞተሩ ሆድ ውስጥ ጋዝ ከታመቀ፣ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ በቱርቦው ጫፎች ይወጣል። ስለዚህ ቱርቦው ከመፈታቱ በፊት መመለሻው ወልቆ ይታይ፤ የሆዱ መተንፈሻ ይጸዳ፤ የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን ይለካ። ዘንጉ በጎን በኩል ትንሽ መነቅነቁ በብሮንዚን (ዘንጉን በሚይዝ ለስላሳ የብረት ቀለበት) ላይ ለሚሠራ ቱርቦ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ ግን ያኔ አልቋል።

የመጀመሪያውን ቱርቦ የገደልኩት ራሴ ነኝ። የዘይት ማስገቢያውን መጋጠሚያ እንዳያፈስ ብዬ ሲሊኮን ቀባሁት፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ማፏጨት ጀመረ። ሲፈታ በጠባቧ የዘይት ቀዳዳ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ የሲሊኮን ቁራጭ ተቀርቅራ አገኘሁ፤ ዘንጉም በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። በዘይት ማስገቢያ በኩል የመዳብ ቀለበት እንጂ ሲሊኮን አይገባም።

ውሃው ይፈላል

ጅማ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ እንዲታገሥ የሚያደርገው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያ ነጥቡን ወደ 115 ዲግሪ ያወጣዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ሙቀት መለኪያው ገና ቀይ ሳይነካ ውሃውን ያስተፋል። ስለዚህ ራዲያተሩ ከመበየዱና ፓምፑ ከመቀየሩ በፊት በጥቂት ብር አዲስ ክዳን ይገዛ።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ በድስት ውሃ ውስጥ ከሰል ላይ ይፈተን። በ82 ዲግሪ የሚከፈተው ውሃው ከመፍላቱ በፊት ሲላቀቅ በዓይን ይታያል። ሁለቱም ደህና ሆነው ቱቦዎቹ ሞተሩ እንደተነሣ ገና ሳይሞቅ ከጠነከሩ፣ ግፊቱ ከሲሊንደር ወደ ውሃው እየገባ ነው። ይህ ማለት የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል) ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ሲሆን፣ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ የቴስታታው ገጽታ ተለክቶ ይላጭ፣ ቡሎኖቹም በአዲስ ይተኩ። ያቃጠለውም ብዙ ጊዜ ከላይ የተነገረው ማንኳኳት ነውና እሱ ሳይስተካከል መግጠም ትርፉ ድካም ነው።

ፍሬኑ ከጥቂት ዙር በኋላ ይለሰልሳል

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ እንደ ጅማ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ፈጥኖ ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ የተደነገገ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው ወሰኑ 155 ብቻ ነው። ውድድር ላይ የጋለ ፍሬን ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ተከፍቶ ከከረመ ጠርሙስ ፈጽሞ አይሞላም። ከእያንዳንዱ የውድድር ቀን በፊት አሮጌው በሙሉ ይወገድና ከታሸገ አዲስ ጠርሙስ ይሞላ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ግን ካልያዘች፣ ጥፋቱ የዘይቱ ሳይሆን የሸራው ነው፤ ሙቀት በሚችል የፍሬን ሸራ ይቀየራል።

በጥምዝ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል

ረጅም ጥምዝ ሲያዝ ዘይቱ በኮፓው አንድ ጎን ተሰብስቦ የፓምፑ መምጠጫ አየር ይስባል። መብራቱ የበራው ለአንድ ሰከንድ ቢሆንም የቢየላ (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚኖች በዚያች ሰከንድ ይጫራሉ፣ ቱርቦውም ያለ ዘይት ይዞራል። ለጊዜው ዘይቱን እስከ መለኪያው ላይኛ ምልክት መሙላት ይረዳል፤ ከዚያ በላይ መሙላት ግን ሰማያዊውን ጭስ መልሶ ያመጣል። ዘላቂው ጥገና ኮፓው ወርዶ በመምጠጫው ዙሪያ የብረት ግድግዳ እንዲበየድለት ማድረግ ነው። ብየዳው ካለቀ በኋላ የቀረ ብናኝ ወደ ፓምፑ እንዳይሄድ ኮፓው በቤንዚን ሁለት ጊዜ ታጥቦ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስም አይገጠም።