ፖስት ፒል እንዴት ይወሰዳል? ሰዓቱን ከመቁጠር እስከ ምርመራው

በደሴ ፒያሳ አንዲት ሴት ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ድረስ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሳሙና ዋጋ ስትጠይቅ ብትታይ፣ የመጣችው ምናልባት ለፖስት ፒል፣ ማለትም ያለ መከላከያ ከተፈጸመ ግንኙነት በኋላ እርግዝና እንዳይፈጠር ለሚዋጠው ክኒን ነው። ማፈሯ የሚጠበቅ ነገር ቢሆንም፣ የድንገተኛ ጊዜ የወሊድ መከላከያ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ይቁጠሩ፤ ክኒኑ የሚወሰደው ከግንኙነቱ በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ነው። ግንኙነቱ የተፈጸመው ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ፣ 72 ሰዓቱ የሚሞላው ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ይህ ግን እስከ ማክሰኞ መጠበቅ ይቻላል ማለት አይደለም። ክኒኑ የሚሠራው እንቁላል እንዳይወጣ በመከልከል ወይም በማዘግየት ስለሆነ፣ እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ ብዙም አይረዳም፤ ብዙዎች ያስወርዳል ብለው ቢያስቡም፣ የተፈጠረ እርግዝናንም አያስወርድም። ከ72 ሰዓት በኋላ አቅሙ እየደከመ ስለሚሄድ፣ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) የሚያስገባ ባለሙያ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይሻላል፤ የመዳብ ሉፕ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከገባ ከ100 ሴቶች ከ99 በላይ የሚሆኑትን ከእርግዝና ይከላከላል።

ቀጥሎ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኢፋቪሬንዝ እንዲሁም ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንን የመሳሰሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የክኒኑን ጉልበት ስለሚቀንሱ፣ መጠኑን መጨመር ወይም ሉፕ መምረጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

እሽጉን ከመክፈትዎ በፊት የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን ይመልከቱ። በውስጡ ባለ 0.75 ሚሊግራም ሁለት ክኒኖች ካሉ፣ አንዱን ወዲያው ሌላውን 12 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥም እኩል ይሠራል። እኔ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ለምትሠራ ሴት ሁለተኛው ክኒን የሚዋጥበት ሰዓት ማሽን ላይ እያለች ሊደርስባት፣ ክኒኑም ቤት ሊቀር ይችላል። በዋጡ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለስዎት መድገም ያስፈልጋል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና የጡት ሕመም ቢሰማዎት ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል።

ክኒኑ የሚከላከለው ላለፈው ግንኙነት ብቻ እንጂ ለሚመጣው አይደለም። ስለዚህ መደበኛ መከላከያ፣ የየዕለቱን ክኒን፣ መርፌውን ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን፣ በዚያው ቀን መጀመር ይቻላል፤ እስከ 7 ቀን ግን ኮንዶም አብሮ ይጠቀሙ። ፖስት ፒል ኤችአይቪንም ሆነ ሌላ የአባላዘር በሽታን አይከላከልም። ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ ሌላ መድኃኒት ሲሆን፣ እርሱም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ግንኙነቱ በግዳጅ የተፈጸመ ከሆነ፣ ከክሱ በፊት ሕክምናው ይቅደም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ።

በመጨረሻም የወር አበባዎን ይጠብቁ። ከክኒኑ በኋላ የሚታይ ጥቂት ደም የወር አበባ ላይሆን ስለሚችል፣ እርሱን አይተው ብቻ አይረጋጉ። የወር አበባው ከተለመደው ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ወይም እጅግ ካነሰ፣ ግንኙነቱ ከተፈጸመ ከ3 ሳምንት በኋላ በጠዋት ሽንት የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ። በታችኛው ሆድ ላይ ጠንካራ ሕመም ከተሰማዎት ግን ሦስቱን ሳምንት ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ።