ልብወለድ ሲጻፍ የሥራ ደብተር እንዴት ይያዛል

ረጅም ልብወለድ ጀምራችኋል እንበል። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ስትደርሱ የዋናዋ ገጸ ባሕሪ ታናሽ እህት ስም ጠፋባችሁ። ወደ ኋላ እያገላበጣችሁ ስትፈልጉ የመጻፊያ ሰዓታችሁ አለቀ። የሥራ ደብተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። አንድ ብቻ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። ስልክ ላይ መያዝም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ማስታወሻ ልጻፍ ብላችሁ ስትከፍቱት ቴሌግራም ይዟችሁ ይሄዳል።

ከኋላ በኩል ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡ። ስም፣ ሰፈር፣ የትውልድ ዓመት ጻፉ። ዕድሜ አትጻፉ፤ ታሪኩ በገፋ ቁጥር ይለወጣል። ማን ማንን «አንተ» ማንን «እርስዎ» እንደሚልም መዝግቡ። ምዕራፍ ሁለት ላይ አማቷን «እርስዎ» ስትል የነበረች ሴት ምዕራፍ አሥር ላይ «አንቺ» ካለቻት፣ በመሀል የሆነ ነገር መፈጠር አለበት።

ቀጥሎ የታሪኩ ቀን መቁጠሪያ ነው። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የተቀጣሁት እዚሁ ነው።

የእኔ ልብወለድ የሚጀምረው በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ሰኞ የካቲት 11 ቀን ከፒያሳ ታክሲ ትይዛለች። ታክሲው ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ትተዋወቃለች። መርካቶ ዘመድ ቤት ደርሳ ዶሮ ወጥ ይቀርብላታል። ረቂቁን ለአክስቴ ሰጠኋት። አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «የኔ ልጅ፣ የዚያን ሰኞ እኮ በእግሬ ነው ሥራ የገባሁት። ታክሲ አድሞ ነበር። ደግሞ ሁዳዴ የገባ ዕለት ማን ነው ዶሮ የሚያቀርበው?»

ልክ ነበረች። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 6 ነው የዋለው። 55 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የካቲት 11 ላይ ታርፋላችሁ። የታክሲ ሾፌሮች በቤንዚን ዋጋ ምክንያት ያደሙትም በዚያው ዕለት ነው። በዚያ ትውውቅ ላይ የቆሙ ሦስት ምዕራፎች ፈረሱ። የአራት ወር ሥራዬ ነበር።

ስለዚህ አንድ ምዕራፍ እንኳ ሳትጽፉ ለየወሩ አንድ ገጽ ያዙ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በ30 መስመር ያልቃል፤ ጳጉሜን አትርሱ። ገጹን በእርሳስ ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል ዕለቱን፣ በዓሉን፣ ጾሙን፣ ከተማው ውስጥ የሆነውን ጻፉ። ፋሲካና ሁዳዴ በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ በባሕረ ሐሳብ አስሉ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። በቀኝ በኩል የእናንተ ሰዎች በዚያ ቀን የሚያደርጉትን ጻፉ። ከውጭ አገር ደብዳቤ የሚልክ ሰው ካለ የፈረንጁንም ቀን አስገቡ። ልዩነቱ የፈረንጆች አዲስ ዓመት እስኪገባ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ግራው ሳይሞላ ቀኙን አትንኩ።

በየቀኑ ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት መስመር ጻፉ፦ የት እንዳቆማችሁና ነገ በምን እንደምትጀምሩ። «ምዕራፍ ልጨርስ» አይበቃም። «በሩን ሳትከፍት ድምፁን ትለየዋለች» ብላችሁ ጻፉ። ስትጽፉ የሚጣራ ነገር ከመጣ፣ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ ደብተሩ ላይ አስፍሩትና ቀጥሉ። ማጣራቱ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

የተዋችሁትን ሐሳብ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙ። ገጽ አትቅደዱ፣ ፍሉድም አትቀቡ። እኔ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «በእግር እየሄዱ ይተዋወቁ» ብዬ ጽፌ ሰርዤው ነበር። ምዕራፎቹ ሲፈርሱ ደብተሩን ሳገላብጥ፣ ከስረዛው ሥር በደንብ ይነበባል። አሁን ምዕራፍ ሁለት እሱ ነው። ሁለቱ ታክሲ አጥተው፣ በጾም አፋቸው፣ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።